መብራት ሲሄድ ከሰል ይገባል፦ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ለጠየቃችሁን

ከጥቅምት አጋማሽ ወዲህ የሚደርሱን መልእክቶች ወሬያቸው አንድ ሆኗል። ብርድ፣ ከሰል፣ እና ያቺ ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ ነጭ መሣሪያ። ሰሜን ሸዋ ላደገ ሰው ይህ አይገርምም። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ሲጀምር፣ ሣሩ ነጭ ለብሶ ሲያድር፣ ማታ ማታ በየቤቱ ፍም ይገባል። ከዚያ በየዓመቱ "ከሰል አፈናቸው" የሚል መርዶ እንሰማለን። ስለዚህ የዚህን እትም ቦታ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

መሣሪያውን አንዳንዶቻችሁ ዲቴክተር፣ አንዳንዶቻችሁ አላርም ብላችሁታል። እኔ ጠቋሚ እለዋለሁ። የሚጠቁመው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ነው። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ሰው በራሱ ስሜት ሊያውቀው ስለማይችል ነው መሣሪያ ያስፈለገው።

"እህቴ ከአሜሪካ ሶኬት ላይ የሚሰካ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ላከችልኝ። ስፒናው ከእኛ ሶኬት ጋር አልገጥም አለ። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ አዳፕተር ሰጥቶኝ 'በዚህ ይሠራል' አለኝ። ልሰካው?"
*የሦስት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን*

አትሰኪው እህቴ። ሰክተሽው ከሆነም አሁኑኑ ንቀይው። አዳፕተር የሚለውጠው የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው፣ ቮልቱን አይነካውም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ለ120 ብቻ የተሠራ ዕቃ እኛ ቤት ሲሰካ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይቃጠላል። የሚያስፈራኝ ግን ወዲያው የሚቃጠለው አይደለም፣ እሱንስ ታውቂዋለሽ። የሚያስፈራኝ ውስጡ ተጎድቶ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ግድግዳ ላይ የሚቀረው ነው። ቤተሰቡ ሁሉ እሱን አምኖ ይተኛል።

ጀርባውን ገልብጪና በትንንሹ የተጻፈውን አንብቢ። "120" ብቻ ካለ ለእኛ ቤት አይሆንም። "100–240" የሚል ካለበት ግን ችግር የለም፣ ያኔ አዳፕተሩ ይበቃል፣ ላላ ብሎ የሚወዛወዝ ካልሆነ። ትራንስፎርመር ገዝተው የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርሽም። ቀንና ሌሊት ተሰክቶ የሚውል ሌላ ዕቃ ነው፣ አንድ ቀን ደግሞ አንድ ሰው ነቅሎ ሌላ ነገር ይሰካበታል።

እህትሽ መላኳ ትልቅ ፍቅር ነውና በሚቀጥለው በባትሪ ብቻ የሚሠራ እንድትልክልሽ ንገሪያት። ባትሪ የትም አገር ባትሪ ነው። ከአውሮፓ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፣ የእነሱ መብራት 230 ቮልት ስለሆነ ከእኛ ጋር ይስማማል። ከእንግሊዝ የመጣው ብቻ ስፒናው ባለ ሦስት ወፍራም እግር ስለሆነ አዳፕተር ይፈልጋል።

ሌላም ነገር ተመልከቱ። ካርቶኑ ላይ ከሁለት ቁጥሮች አንዱን ፈልጉ፦ 50291 ወይም 2034። የመጀመሪያው የአውሮፓ፣ ሁለተኛው የአሜሪካ የጥራት ደረጃ ቁጥር ነው። ከሁለቱ አንዱም የሌለበትን አትግዙ፣ ምንም ያህል ቢረክስ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ጋዝ ሲኖር መሐሉ ያለው ነጥብ የሚጠቁር ካርድም ገበያ ላይ ይገኛል። ካርድ አይጮኽም። የተኛ ሰው ደግሞ ካርድ አያይም።

"ተከራይቼ የምኖር ተማሪ ነኝ። እኛ ሰፈር መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር መግዛት ብር መጣል አይሆንም ወይ?"
*ከደብረ ብርሃን*

ወንድሜ፣ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ዋናውን የጠየቅከው አንተ ነህ።

እስቲ ማታውን አስበው። 1 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ወይም የቆጣሪው ካርድ አለቀና ነገ እሞላለሁ አልክ። ማሞቂያው አይሠራም፣ ምድጃው አይሠራም፣ ብርዱ ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ምን ታደርጋለህ? ከሰል ታያይዛለህ። ጠቋሚው በመብራት ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ልክ ፍሙ ወደ ቤት ሲገባ እሱ ጠፍቷል ማለት ነው። መብራት ባለበት ሰዓት ሲጠብቅህ ይውላል፣ በምትፈልገው ሰዓት የለም። ሌላ አገር ቤቱ የሚሞቀው በጋዝ ቦይለር ነው፣ መብራትም እንደኛ ቶሎ ቶሎ አይጠፋም፣ ስለዚህ ሶኬት ላይ ብቻ የሚሠራው እዚያ ያስኬዳል። እኛ ጋ አያስኬድም።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ መግዛት ከፈለግክ የመጠባበቂያ ባትሪ ያለው ይሁን። ሱቅ ውስጥ ሳለህ ሰክተህ ንቀለው። ሲነቀል መብራቱ ከጠፋና ከሞተ ተወው። በባትሪው ነፍስ ከዘራ ግዛው። የመጠባበቂያ ባትሪ ከሌለው ይልቅ ደግሞ በባትሪ ብቻ የሚሠራው ይሻልሃል፣ በተለይ አንድ ክፍል ለተከራየ ሰው። ሶኬት ባለበት ሳይሆን አንተ በምትተኛበት ቦታ ታስቀምጠዋለህ፣ ቤት ስትቀይርም በኪስህ ይዘኸው ትሄዳለህ።

ሶኬት ላይ ያለው ሌላም ችግር አለበት። የተከራይ ቤት ሶኬት አንድ ወይም ሁለት ነው። ስልክ ቻርጅ ማድረግ የፈለገ እንግዳ መጀመሪያ የሚነቅለው የማይጮኸውን ነገር ነው። መልሶ የሚሰካው የለም። ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ዲቫይደር ላይም አትሰካው፣ ሌሊት አንድ ሰው ሊያጠፋው ይችላል።

ይህን ሁሉ አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። በር ሥር ብርድ እንዳይገባ ጨርቅ ወትፈን፣ ቡና የፈላበትን ማንደጃ አልጋ ሥር አስጠግተን ተኛን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ሽንት ቀሰቀሰኝ። ጭንቅላቴ ለሁለት የሚሰነጠቅ መሰለኝ። ልነሳ ስል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ወድቄ በሩን በእጄ ደበደብኩ፣ አከራያችን እትዬ ሰምተው ከውጪ ገፍተው ከፈቱት። ጓደኛዬን ጎትተው ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሁለታችንም ዛሬ አለን። ያን ሌሊት ሽንት ባይቀሰቅሰኝ ይህን አምድ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

"እኛ መንዞች ስንወለድም ስናረጅም ከእሳት ዳር ነን። ከሰሉን ውጪ አያይዘን፣ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ነው የምናስገባው። ጭስ የሌለው ነገር ላይ ይህ መሣሪያ ምኑን ይጠቁማል?"
*የ71 ዓመት አባት፣ ከመሐል ሜዳ*

አባባ፣ ስለጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ያነሱት ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፣ እኔም ከላይ እንዳወራሁት ተሳስቼበታለሁ።

ጭሱና ጋዙ የተለያዩ ናቸው። ጭሱ ገና ያልተያያዘው ከሰል ውስጥ ያለው እርጥበትና ቅባት ነው። እሱ ያስላል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ሰውን ከቤት ያስወጣል። በዚህ በኩል ጭስ ደግ ነው፣ ያስጠነቅቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን የሚወጣው ከፍሙ ነው። ከሰል አየር በደንብ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ማንደጃው ውስጥ ሲከመር ግን ከሥር የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ፍም መሐል ሲያልፍ እንደገና ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ስለዚህ ያ የሚያምረው፣ ጭስ የሌለው፣ ቀይ ፍም የመርዙ ዋና ምንጭ ነው። አመድ ለብሶ የጠፋ የመሰለውም ውስጡ እስከጋለ ድረስ ይሰጣል። ኩበትም ያው ነው።

ሰውነት ውስጥ የሚያደርገው እንዲህ ነው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። አንዴ ከተቀመጠ ቶሎ አይለቅም። ሰውየው አየር እየሳበ፣ ደረቱ እየተነሳ እየወረደ፣ አእምሮውና ልቡ ግን ኦክስጅን ያጣሉ። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት። "ምች መታኝ" ወይም "ጉንፋን ያዘኝ" ብሎ ተጠቅልሎ ይተኛል። መተኛቱ ነው የሚገድለው። ቤት ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ራሳችሁን ካመማችሁና ውጪ ስትወጡ ከተሻላችሁ፣ ምች አይደለም።

"ታዲያ አባቶቻችን እንዴት ኖሩ?" ማለትዎ አይቀርም። አንደኛ፣ እነሱም ይሞቱ ነበር፣ ስሙ ሌላ ይሰጠው ነበር እንጂ። ሁለተኛ ቤቱ ሌላ ነበር። የሣር ክዳን ይተነፍሳል፣ የድንጋዩ ግድግዳም መሐል ለመሐል ቀዳዳ አለው። የዛሬ ልጆች የሚሠሩት ቤት ብሎኬት ነው፣ ሲሚንቶ የተለሰነ፣ ላዩ ኮርኒስ፣ መስኮቱ አልሙኒየም። ቤቱ ሲዘመን መተንፈሱን አቆመ፣ ማንደጃው ግን ያው ድሮ የነበረው ነው።

ሦስተኛ የቦታችን ከፍታ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ የእናንተ አገር ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው ከሚያገኘው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ሰውነታችን ለምዶታል፣ ግን መርዙ ሲጨመርበት የሚተርፈን አየር ትንሽ ነው።

አባባ፣ የመንዝ ባና እያለ ፍም ይዞ መተኛት አያስፈልግም። ከመተኛትዎ በፊት ቤቱን ያሙቁ፣ ከዚያ ማንደጃውን ሙሉ በሙሉ ወደ ውጪ ያስወጡ። ወደ ጓዳ ወይም ወደ ማዕድ ቤት አይደለም፣ ወደ ውጪ። ጠቋሚውን ልጆችዎ ያምጡልዎት፣ ግን እሱ ቢኖርም ፍሙ ይውጣ።

"እህቴ ወልዳ አራስ ናት። እናቴ በርና መስኮቱን ዘግታ ቀኑን ሙሉ ማንደጃ አጠገቧ ታስቀምጣለች፣ 'አራስን ብርድ ያጠናግራል' ትላለች። ልከራከራት አልቻልኩም።"
*ከደብረ ሲና*

እናትሽ ብርድ የፈራችው ለልጇ ስታስብ ነው። ስለዚህ ብርዱን አታቃልዪባት። ትክክል ናት፣ አራስና ጨቅላ ሙቀት ይፈልጋሉ። ንገሪያት፦ ሙቀቱ ከልብስ፣ ከጋቢ፣ ከቡሉኮ፣ ሕፃኑን ደረት ላይ ገላ ለገላ ከማቀፍ፣ በሙቅ ውኃ ከተሞላ ጠርሙስ ሊመጣ ይችላል (ጠርሙሱ በጨርቅ ይጠቅለል፣ ገላውን አይንካ)። ከማንደጃ ግን ሙቀቱ ብቻውን አይመጣም። ጨቅላ ከትልቅ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ስለዚህ መርዙንም ቶሎ ይስባል። ራሴን አመመኝ ብሎ መናገርም አይችልም። ዝም ብሎ ይተኛል፣ ሰውም "እንዴት ጸጥተኛ ልጅ ነው" ይላል።

ያረገዘች ሴት ካለችም እንዲሁ። የፅንሱ ደም ጋዙን ከእናቱ ደም ይልቅ አጥብቆ ይይዛል፣ እናቱ ተሽሏት ከተነሳች በኋላም እሱ ገና አልወጣለትም። እንዲህ ያለች እናት ከሰል ካፈናት ደህና ነኝ ብትልም ሐኪም ቤት መሄድ አለባት።

እናትሽ የማትሰማሽ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጥሪያት። ከልጅ ይልቅ ከውጪ የመጣ ሰው ይሰማል፣ ይህ የትም ቤት ያለ ነው።

"እኛ ቆላ ነን፣ ከሰል ለሙቀት አናስገባም። ሱቄ ግን ጀነሬተር አለው። ለሲሊንደር ጋዝ የገዛሁት ጠቋሚም አለ፣ እሱ አይበቃም?"
*ነጋዴ፣ ከሸዋ ሮቢት*

አይበቃም። የሲሊንደር ጋዝ ጠቋሚ የሚያውቀው የሲሊንደሩን ጋዝ ብቻ ነው። ያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ መሣሪያው ወለል አካባቢ ይቀመጣል። የጭስ ጠቋሚም ሌላ ነው፣ እሱ የሚያየው ጭስን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ክብደቱ ከአየር ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረውም፣ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። ሦስቱ ሦስት ዕቃ ናቸው፣ መልካቸው ሁሉ ነጭና ክብ ስለሆነ ነው የሚያሳስተው።

ጀነሬተሩን ሱቅ ውስጥ፣ በረንዳ ላይ፣ ወይም በሩ ሥር አታስነሳው። ጎረቤት ሱቅንም አስብ። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ የጭሱ መውጫም ፊቱን ወደ ሜዳው ያዙር። ጠቋሚውን ሱቅ ውስጥ አድርገው፣ በባትሪ የሚሠራውን፣ ጀነሬተር የሚነሳው መብራት ሲጠፋ ነውና።

"ጠቋሚውን ሳሎን ሶኬት ላይ ሰካነው። ቡና ባፈላሁ ቁጥር ይጮኻል። ባለቤቴ 'ዕጣን አይወድም' ብሎ ነቀለው። የምሩን ነው የሚጮኸው ወይስ ተበላሽቷል?"
*ከደብረ ብርሃን*

የምሩን ነው እህቴ። ዕጣኑ አይደለም፣ ከዕጣኑ ሥር ያለው ፍም ነው። ባለቤትሽን ሶኬቱ ላይ እንዲመልሰው ለምኚው፣ ይህን አምድም አንብቢለት።

ቁጥሩን ላስረዳሽ። መሣሪያው ፒፒኤም በሚባል ይለካል፣ ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ ስንቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም ይቆጥራል። በአውሮፓው ደረጃ የተሠራ ከሆነ 30 ላይ ቢያንስ ለ2 ሰዓት ዝም ይላል። 50 ላይ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ 100 ላይ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጮኻል። 300 ከደረሰ በ3 ደቂቃ ውስጥ መጮኽ አለበት። የአሜሪካው ደግሞ የሚጀምረው ከ70 ነው፣ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፤ 150 ላይ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፤ 400 ላይ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ። እንግዲህ አቦል ቶና በረካ ሲፈላ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በዚያ ሁሉ ሰዓት ፍሙ ሳሎን መሐል ነው። መሣሪያሽ ጮኸ ማለት ጋዙ ቤቱ ውስጥ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው፣ ምናልባት እንግዶችሽን ቡና ሲጠጡ የሚይዛቸው ራስ ምታትም ከቡናው አይደለም።

ሌላው ደግሞ ጠቋሚው ዝም ሲል አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካው ደረጃ የተሠሩት ከ30 በታች ያለውን ቁጥር ስክሪናቸው ላይ 0 አድርገው ነው የሚያሳዩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ግን በ24 ሰዓት አማካይ ከ4 ሚሊግራም በሜትር ኩብ፣ በእኛ ቁጥር ከ3.5 ፒፒኤም ገደማ፣ እንዳይበልጥ ይላል። ጠቋሚው የተሠራው በዚያው ሌሊት የሚገድለውን እንዲይዝ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጎዳውን አይናገርም።

ቡናውን አትተዪው፣ ማን ይተዋል። ፍሙን በረንዳ ላይ አድርጊው፣ ወይም በርና መስኮት ፊት ለፊት ከፍተሽ አፍዪ፣ ሲበቃም ማንደጃው ይውጣ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ማፍላትም አለ። ወግ አይበዛበትም ይሉኛል፣ ግን ጨቅላ ባለበት ቤት እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ጠቋሚውን ደግሞ ሳሎን ውስጥ ብቻ አታድርጊው። ዋናው ቦታው መኝታ ነው፣ ጩኸቱ የተኛን ሰው መቀስቀስ አለበትና። አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ አልጋው ራስጌ በኩል፣ ከምድጃው ከ1 እስከ 3 ሜትር ርቆ። ከፍታው ብዙ አያስጨንቅም። ቡፌ ጀርባ፣ መጋረጃ ሥር፣ ሶፋ ኋላ ያለ ሶኬት ግን አይሆንም፣ እዚያ አየር አይደርሰውም። የሚያሳዝነው የእኛ ቤት ሶኬቶች ብዙዎቹ እዚያ ናቸው።

"አረቄ አወጣለሁ። መሣሪያው ማውጫ ቤቴ ውስጥ ይሠራል?"
*ከደብረ ብርሃን*

እትዬ፣ ያስፈልግዎታል፣ ግን ማውጫው አጠገብ አያድርጉት። የአልኮል ትነት የመሣሪያውን አነፍናፊ ያሳስተዋል፣ ሲቆይም ይጎዳዋል። ሽቶ፣ ቀለም፣ የነፍሳት መርጨትም እንዲሁ። ሶላር ወይም ኢንቨርተር ያለው ቤትም ይጠንቀቅ፣ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጅን መሣሪያውን በከንቱ ሊያስጮኸው ይችላል። ጠቋሚውን ከማውጫው ጎን ባለው የመኝታ ክፍል ያድርጉት። ማውጫ ቤቱን ግን በመሣሪያ አይመኑት። ሙሉ ቀን እንጨትና ኩበት የሚነድበት ቤት በላይ በኩል ሰፊ የጭስ መውጫ፣ በታች ደግሞ የአየር መግቢያ ያስፈልገዋል። እሳቱን ሲጠብቁ ራስዎን ካመመዎት "ጭሱ ነው" ብለው አይለፉት፣ ውጪ ይውጡ።

"መሣሪያው ሌሊት ቢጮኽ ምን እናድርግ? ሰው ወድቆ ብናገኝስ? እኛ ጋ ወተት ያጠጣሉ፣ ሽንኩርት ያሸትታሉ።"
*መምህር፣ ከሰላ ድንጋይ*

መጀመሪያ ድምፁን እወቁት። አራት ጊዜ ጮኾ ቆም፣ አራት ጊዜ ጮኾ ቆም ካለ ጋዝ አለ ነው። በደቂቃ አንዴ ያህል "ጭው" ካለ ግን ባትሪው ደክሟል ወይም ዕድሜው አልቋል። የእያንዳንዱ መሣሪያ ጥቂት ሊለያይ ስለሚችል መመሪያውን አንዴ አንብቡት።

ሲጮኽ ከየት መጣ ብላችሁ አትፈልጉ። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ሰውን ሁሉ አውጡ፣ የተኛውን ጎትታችሁም ቢሆን። ቆጥራችሁ አውጡ፣ የቤት ሠራተኛዋን ጓዳ ውስጥ እንዳትረሷት። ፍሙን ማውጣት ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም አየሩ ከተናፈሰ። ወድቆ ያገኛችሁት ሰው ካለ እናንተም ትንፋሻችሁን ይዛችሁ በሩን ከፍታችሁ ግቡ፣ ቶሎ ጎትታችሁ ውጡ። የሚያድነው ሲገባ የወደቀ ብዙ ነው።

ወተትም ሽንኩርትም ምንም አያደርጉም። ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ ማንኛውንም ነገር መጨመር ደግሞ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙት፣ የማይተነፍስ ከሆነ የሚችል ሰው ትንፋሽ ይስጠው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ ባጃጅም ጭነት መኪናም ይሁን፣ ኦክስጅን ያለበት ጤና ተቋም ድረስ። ኦክስጅን የምለው በምክንያት ነው። ዝም ብሎ ንጹሕ አየር ሲስብ ደሙ ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲያገኝ 1 ሰዓት ከምናምን ነው።

እዚያ ስትደርሱ "ከሰል ቤት ውስጥ ነበር" ብላችሁ ተናገሩ። ይህን ቃል አትርሱ፣ ምክንያቱም ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ጋዙን ከኦክስጅን መለየት ስለማይችል 98 ሊያሳይና "ደህና ነው" ሊያሰኝ ይችላል። ከተሻለው በኋላም ለጥቂት ሳምንት ተከታተሉት። መርሳት፣ ግራ መጋባት፣ የጠባይ መለወጥ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። መጠጥ ወይም ቡዳ ነው እያላችሁ አትተዉት፣ ወደ ሐኪሙ መልሱት።

"ስንት ዓመት ያገለግላል? ቴስት የሚለውን ስጫን ይጮኻል፣ ይሄ ይበቃል?"
*ከአንኮበር*

ቴስት የሚለው ቁልፍ ድምፁና ባትሪው መሥራቱን ነው የሚነግርህ። ጋዙን የሚያነፈንፈው ክፍል እያረጀ ሲሄድ ቁልፉ አያውቅም። ቢሆንም በወር አንድ ጊዜ ተጫነው፣ የወሩን መድኃኔ ዓለም ወይም ማርያምን ምልክት አድርገህ ያዘው። የመሣሪያው ዕድሜ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። መቀየሪያው ጊዜ ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2031 የሚል ካለ በእኛ 2023 ወይም 2024 ነው። ስትገዛው በእስክሪብቶ የእኛን ዓመተ ምሕረት ጎኑ ላይ ጻፍበት። ያገለገለ የሚሸጥልህ ሰው ካለም መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጠህ እይ፣ ቀኑ ያለፈ ከሆነ በነፃም አትቀበል።